የጭስ ሚዛኑና የይጁቤዋ ልጅ

ጭስ ይመዘናል ብትሉ ማንም አያምናችሁም። እኔ ግን መዝኛለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ጠርዝ ላይ በነበረችው የኑግ ዘይት ፋብሪካ፣ ጭስን መስታወት ውስጥ አስገብቶ «ከመቶው ይህን ያህሉ እንዲህ ነው፣ ይህን ያህሉ ደግሞ እንዲያ ነው» ብሎ የሚናገር ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ብመካስ ማን ይከለክለኛል? ተማሪ ቤት የገባሁት ዳዊት እስክደግም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በእጄና በዓይኔ ነው የተማርኩት።

ፋብሪካዋ ትልቅ አልነበረችም። ሴቶች ኑግ የሚያበጥሩበት አንድ ዳስ፣ መጭመቂያው የቆመበት አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር። ባለቤቱ ግሪክ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ስለሚባል እኛም ሙሴ እንለዋለን። ቦይለሩ ባሕር ዛፍ አይጠግብም ነበር። ሙሴ የሚነደውን እንጨት ባየ ቁጥር የራሱ ቤት የተቃጠለ ይመስል ራሱን ይይዛል። በመጨረሻ ከባሕር ማዶ አንድ ሳጥን አስመጣ።

ሳጥኑ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ከፊትም ከኋላም እንደ መስኮት ይከፈታል። ውስጡ ከታች እስከ ላይ መስመር የተሰመረበት የመስታወት ቱቦ ቆሟል። ከቱቦው ሥር የውኃ ጠርሙስ በላስቲክ ተያይዟል፤ ጠርሙሱ ዝቅ ከፍ ሲል በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ጭሱን ይስባል፣ ይገፋል። ከቱቦው ጎን መድኃኒት የያዙ ሦስት ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ሁሉንም ከላይ አንድ ቀጭን የመስታወት ቧንቧ ያያይዛቸዋል፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ አናት ላይ በጣት የምትዞር የመስታወት መዝጊያ አለች። ከጭስ ማውጫው በላስቲክ ቱቦ ጭሱን ስቤ መቶ ክፍል እለካለሁ። ወደ መጀመሪያው ጠርሙስ ስገፋው መድኃኒቱ የተቃጠለውን አየር ይውጠዋል። ሁለተኛው ጠርሙስ እሳቱ ሳይነካው ያለፈውን ንጹሕ አየር ይውጣል፤ ሦስተኛው በደንብ ሳይነድ ያመለጠውን መርዝ። ከየጠርሙሱ ሲመለስ ምን ያህል እንደጎደለ በመስመሩ አነባለሁ። የተቃጠለው አየር ከበዛ እሳቱ በደንብ ነዷል ማለት ነው። ንጹሕ አየር ከበዛ ግን ማገዶው የሚያሞቀው ቦይለሩን ሳይሆን ሰማዩን ነው።

ሳጥኑን ያመጣው ፈረንጅ አሠራሩን ያሳየው ለቢሮው ጸሐፊ ነበር። እኔ የዚያን ጊዜ እንጨት ተሸካሚ ነኝ። ሸክሜን እያወረድኩ በበሩ አየሁ፤ ማየት ለእኔ ይበቃኛል። ጸሐፊው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ሙሴ ተጨነቀ። «እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። ፊቱ ቆሜ ጭሱን መዘንኩለት። ከዚያ በኋላ እንጨት አልተሸከምኩም።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። ጭሱን የምስብበት የላስቲክ ኳስ በደጋው ነፋስ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ሌላ ደግሞ የለም። እኔ ግን በነገር ተሸንፌ አላውቅም፤ የቱቦውን ጫፍ በአፌ ይዤ ጭሱ እስኪመጣ ሳብ ሳብ አደርጋለሁ። በዚህ ምክንያት ኑግ አበጣሪዎቹ «ጭስ ጠጪው» አሉኝ። ስሙ እስከ ገበያ ደረሰ።

የቦይለሩ እሳት አንዳጅ በዕድሜ የሚበልጠኝ የከተማው እስላም ነበር፤ ጋሼ እለው ነበር። ቀልደኛ ነው። «እኔ እሳቱን አበላለሁ፣ አንተ ጭሱን ትጠጣለህ፣ ሙሴ ደግሞ ሁለታችንን ይበላል» ይል ነበር።

ከኑግ አበጣሪዎቹ አንዷ ከከተማው ወጣ ካለው ከይጁቤ የመጣች ልጅ ነበረች። አባቷ ኑግ በአህያ ጭኖ ለፋብሪካው የሚያመጣ ገበሬ ነው። እሷ በመጭመቂያው ወራት ከተማ ካለችው አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትሠራለች። እጇ ቀጭንና ጥንቁቅ ስለሆነ ሙሴን አስፈቅጄ መስታወቶቹን እንድታጥብልኝ አደረግሁ። ሙሴ ለመስታወቱ ብዬ መሰለው። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ብዙ አገር አይቼ፣ የኑግ ብናኝ ሽፋሽፍቷ ላይ እንደተቀመጠ መዝጊያዎቹን ወደ ብርሃን እያነሣች የምታይበትን ሁኔታ የሚተካ ነገር አላገኘሁም። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው እንደዚያ ሆና ነው። ድምጿን ግን ረስቼዋለሁ። የተናገረችውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ድምጿን ግን አጥቼዋለሁ።

«ይህ ሁሉ ድካም ጭስ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አዎ። ቀላል መሰለሽ?»

«እናቴን ብትጠይቃት በዓይኗ አይታ ትነግርህ ነበር። ጥቁር ከሆነ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደርቋል።»

«እናትሽ ከመቶው ስንቱ እንደሆነ ትነግረኛለች?»

«እናቴ ከመቶው ስንቱ ሰው እንደሚያብድ ትነግርሃለች።»

እንዲህ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንድልክ ተስማማን። አባቷ የሚፈልገውን ነግራኛለች፤ ሀብት አይጠይቅም፤ ሥራው የታወቀ፣ ኑሮው እዚሁ የሆነ ሰው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ያ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ካለ አማች ነኝ። ሳጥኑ ከሌለ እንጨት ተሸካሚ ነኝ፤ ለእንጨት ተሸካሚ ደግሞ የይጁቤ ገበሬ ልጁን አይሰጥም።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው ነገሩ የተበላሸው። የምመዝነው ጭስ ውስጥ ንጹሑ አየር በየቀኑ እየበዛ፣ የተቃጠለው እያነሰ ሄደ። ደግሜ መዘንኩ፤ ባሰበት። ለሙሴ ልክ ያነበብኩትን ነገርኩት፤ እኔ ቁጥር አልደብቅም። ሙሴ እሳት አንዳጁ ላይ ጮኸ።

«በሩን ክፍት ትተወዋለህ! ትተኛለህ!»

«ሙሴ፣ እኔ ከተኛሁ እሳቱም ይተኛል፤ ይኸው፣ ቁጭ ብሎ ያይዎታል» አለው እሳት አንዳጁ።

ሙሴ አልሳቀም። «ወይ አንተ ትዋሻለህ፣ ወይ ሳጥኑ ይዋሻል» አለ። «አንተ ከሆንክ ትሄዳለህ። ሳጥኑ ከሆነ ቅዳሜ በሚወጣው መኪና ጭኜ አዲስ አበባ እሰደዋለሁ፤ ይህን ሁሉ መስታወት ማን ይቀልባል?»

ሙሴ ከሄደ በኋላ እሳት አንዳጁ አካፋውን ተደግፎ አየኝ። «ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል ይባላል» አለኝ። «እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ? መስታወትህን ላስምልልህ?»

«ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ዝም በል። አገኘዋለሁ።»

«ካላገኘኸውስ?»

ሳጥኑ እውነት ከሆነ እሱ ይባረራል፤ ሳጥኑ ውሸታም ከሆነ ልጅቷ ታመልጠኛለች።

አሁን የምነግራችሁን ማንም አላስተማረኝም። ብልሽት ሲገጥም ብዙ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይፈታል። እኔ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የምሄደው። በመጀመሪያ ጧፍ አብርቼ የቦይለሩን የጡብ ግንብ ዳር ዳሩን ሁሉ ዞርኩት። ስንጥቅ ቢኖር ነበልባሏን ወደ ውስጥ ይስባት ነበር፤ ነበልባሏ ቀጥ አለች። ሁለተኛ የላስቲክ ቱቦውን አንድ ጫፍ ደፍኜ ውኃ ውስጥ ነክሬ በሌላው በኩል ነፋሁ፤ አረፋ የለም። እንግዲህ የቀረው ራሱ ሳጥኑ ነው። መዝጊያዎቹን ሁሉ ዘግቼ የውኃውን ጠርሙስ ዝቅ አደረግሁና ቁጭ ብዬ የቱቦውን መስመር አፍጥጬ አየሁ። ሳጥኑ ጤነኛ ቢሆን ውኃው ካለበት አይነቃነቅም ነበር። ቀስ እያለ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ወረደ። የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ጠርሙሱን መልሼ ከፍ አደረግሁና እንዶድ በውኃ አሽቼ አረፋውን በየመዝጊያው ቀባሁ። የመጀመሪያዋ ዝም አለች። ሁለተኛዋ ላይ አረፋው እንደ ዓሣ ዓይን ተነፋ።

ሌባውን ያዝኩት አልኩ። ላዞራት ስል ግን አልዞር አለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ በመስታወቱና በመስታወቱ መካከል ቡናማ ሽፋን ደርቋል፤ አሸተትኩት። ኑግ ኑግ ይላል።

መዝጊያዎቹ በደንብ እንዲዞሩና አየር እንዳያስገቡ ቅባት ይፈልጋሉ። ከባሕር ማዶ የመጣው ቅባት ካለቀ ሰንብቷል። እኔ በራሴ ብልሃት ለጋ ቅቤ እቀባቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ መድኃኒት ቅቤውን ቀስ በቀስ ሳሙና ቢያደርገውም በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ እየታጠበ ሥራው ይሄድ ነበር። የኑግ ዘይት ግን አላስነካኋቸውም። የኑግ ዘይት ስሱን ተቀብቶ ከሰነበተ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ይህን እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የዘይት ጋን ክዳን ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በሽብሸባው አየር ይገባል።

ወደ ኑጉ ዳስ ሄድኩ። ወንፊቷን ይዛ ታበጥራለች።

«መዝጊያዎቹን ምን ቀባሻቸው?» አልኳት።

«ዘይት።»

«ምን ዘይት?»

«የምንጨምቀውን ነዋ! እዚህ ቤት ሌላ ምን ዘይት አለ?»

«ቅቤውስ?»

«ጠርጌ ጣልኩት» አለች፤ ወንፊቷን አስቀመጠች። «በሁዳዴ ቅቤ በተቀባ ቧንቧ በአፍህ ስትስብ ዝም ብዬ ልይህ? ለንስሐ አባትህ ምን ልትላቸው ነበር? አባቴ፣ ጭስ ስጠጣ ገደፍኩ?»

ከጎኗ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ልቆጣ ነበር የመጣሁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ ጾሜ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም። ሙሴ ስለ ማገዶው ያስባል፣ እኔ ስለ ቁጥሩ አስባለሁ፤ ስለ እኔ አፍ የምታስብ አንዲት ሰው አገኘሁ፣ እሷም ቤቴን ልታፈርስ ምንም አልቀራት።

ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ዘይቱ እንደ ደረቀ፣ ሙሴ ምን እንዳለ፣ ቅዳሜ መኪናው እንደሚወጣ። ሳቋ ጠፋ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም። ተጣብቋል።»

«አንተ ታላቅቀዋለህ» አለች። ትችላለህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እንደ ታወቀ ነገር ነው የተናገረችው።

መዝጊያዋን ማላቀቅ ለሞኝ ቀላል ነው፤ በኃይል ማዞር ነው። በኃይል ያዞረ ግን ሦስቱንም ጠርሙሶች የሚያያይዘውን የላይኛውን ቧንቧ ይሰብረዋል፤ ያ ቧንቧ ደግሞ በጎጃም ቀርቶ በአገሩ ሁሉ አይገኝም። እሳት አንዳጁ እጁን እየጠረገ መጣ።

«ስጠኝ፣ እኔ ላዙራት።»

«አትንካ!»

«እሺ። ችግሩ ቅቤው ከሆነ ግን እኔ ሁዳዴ የለብኝም። እኔ ልቀባልህ፣ አንተ ዓይንህን ጨፍን።»

«የምስበው እኮ በዓይኔ አይደለም፣ ጋሼ።»

«እውነትህን ነው» አለ። ከአጠገቤ ግን አልሄደም።

ላምባ በስንደዶ ጫፍ እያነሣሁ ጠብ ጠብ አደረግሁባት። በማግስቱ ከቦይለሩ ሙቅ ውኃ ቀድቼ ጨርቅ ነክሬ የውጭውን መስታወት ብቻ ጠቀለልኩ፤ ውጭው ሲሞቅ ይሰፋል፣ ውስጡ ግን እንደ ቀዘቀዘ ነው። በሁለት ጣት፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚይዝ ሰው፣ ነካ አደረግኋት። እንቢ አለች። ጨርቁን ለወጥኩ። እንደገና ነካኋት። ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ አልነበረም የጮኸው፤ የደረቀው ዘይት ነው። ዞረች።

ቅባቱን ደግሞ ራሴ ፈጠርኩት። ቅቤ በጾም አይሆንም፣ ኑግ ይደርቃል። ጧፍ ከሚሠሩ መነኩሲት ንጹሕ ሰም አመጣሁ፤ ከማሽን ዘይት ጋር በመለስተኛ እሳት አቀለጥኩት፤ ሲበርድ በጣት የሚለሰልስ፣ ውኃ የማይደፍረው ቅባት ሆነ። ጾም አያስገድፍም፣ መድኃኒቱም ሳሙና አያደርገውም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጨምሮ።

ዓርብ ዕለት ሙሴን ጠራሁት። መዝጊያዎቹን ዘጋሁ፣ ጠርሙሱን ዝቅ አደረግሁ፤ የውኃው መስመር ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጭሱን ሳብኩና መዘንኩለት። የተቃጠለው አየር ብዙ፣ ንጹሑ ትንሽ፤ እሳቱ ጥሩ ነው። ሙሴ እሳት አንዳጁን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔን አቀፈኝ። የይጁቤዋን ልጅ አየኋት፤ ወንፊቷን ይዛ በዳሱ በር ቆማ ታየኛለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አጨብጭቦልኛል፤ እንደዚያ ያየኝ ግን የለም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቼ ይጁቤ ሄዱ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ የሠፈሬ ሰው፣ ሦስተኛው እሳት አንዳጁ ነበር። አባቷ በደንብ ተቀበላቸው። የኋላ ኋላ እሳት አንዳጁ እንዳወራኝ እንዲህ ተባባሉ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጭስ ይመዝናል።»

«ተመዝኖ የት ገበያ ይወጣል?»

«አይወጣም። ግን እሱ ባይመዝነው ኖሮ እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም፤ እርስዎም የኑግዎን ገዢ ያጡ ነበር።»

አባቷ ሳቀ። «ሰውዬው እዚሁ ነዋ?» ብሎ ጠየቀ። «እዚሁ ነው» አሉት። ቃሉን በሁለተኛው ቀጠሮ እንደሚሰጥ ነገራቸው። እሳት አንዳጁ እየዘፈነ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ሙሴ ቢሮ አስጠራኝ። ከአባይ ማዶ ያለ ዘመዱ ትልቅ ፋብሪካ አለው፤ የእሱ ሳጥኖች ተበላሽተው የሚጠግናቸው ጠፋ። ሙሴ ደግሞ «የእኔ ሰው ሙት ያስነሣል» ብሎ ፎክሮለታል። «ጠግነህ ትመለሳለህ» አለኝ። እንቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ሙሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በአገሩ ሁሉ አንድ ሰው ተፈልጎ፣ ያ ሰው እናንተ ሆናችሁ? እሺ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት።

ወሬው ከሽማግሌዎቼ ቀድሞ ይጁቤ ደረሰ። በሁለተኛው ቀጠሮ አባቷ ከወንበሩ ሳይነሣ ተናገረ። «ልጄን ለሠራተኛ ልሰጥ ነበር። አባይን ለሚሻገር ሰው ግን አልሰጥም። በክረምት መንገድ ይዘጋበታል፣ በበጋ ደግሞ ሌላ ሥራ ይይዘዋል። ጭስ ሲመዝን ኖሮ እሱም ጭስ ሆኗል፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ነው የሚሄድ።» ቄሱ ለመኑ፣ እሳት አንዳጁ ለመነ። አልሆነም።

የምሄድ ዕለት የጭነት መኪናው በሚቆምበት መንገድ ዳር መጣች። ለአክስቷ ጨው ልትገዛ የወጣች መስላ ነው።

«አንድ ቀን አይፈጅብኝም» አልኳት። «ጠግኜ እመለሳለሁ። አባትሽን እንደገና አስለምናለሁ።»

«አንተን አንድ ቀን እንደማይፈጅብህ አውቃለሁ» አለች። «የማይለቁህ እነሱ ናቸው። ጎበዝ ሰው ማን ይለቃል?»

«አንቺስ ትለቂኛለሽ?»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አለች። መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። የሰም ቅባቴን የያዘውን ቆርቆሮ ከእጄ ወስዳ ክዳኑ መግጠሙን አየች፤ መለሰችልኝ። «እንዳይፈስብህ» አለች።

እንዳለችው ሆነ። የመጀመሪያውን ሳጥን በአንድ ጥዋት አስነሣሁት። ሁለተኛው መጣ። ከዚያ የጎረቤት ፋብሪካ ሰዎች መጡና «ይህን ሰው ለእኛም አውሱን» አሉ። ሁሉም አመሰገነኝ፤ ማመስገን ያውቁበታል። በየምሽቱ ነገ እመለሳለሁ እል ነበር፤ በየጥዋቱ ደግሞ አንድ የማይዞር መዝጊያ ይጠብቀኛል። እኔ ያልተጠገነ ነገር ትቼ መሄድ አልችልበትም፤ ተፈጥሮዬ አይደለም። ሥራዬን ትንሽ አበላሽቼ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ያሰናብቱኝ ነበር። ያን ጊዜም ይህን አስቤዋለሁ፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ።

የሰኔ ጾም ሊገባ ሲል ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሾፌር ፋብሪካው በር ላይ አገኘኝ። የአገር ሰው ስለሆነ ሁሉን ያውቃል። ዝናቡ ቶሎ መጣልን አለ፤ ሙሴ ሰላም ብሎሃል አለ። ከዚያ፣ እንደማያውቅ ሆኖ መኪናውን እያየ፣ የይጁቤዋ ልጅ ወደ ዲማ በኩል ላለ ገበሬ መዳሯን ነገረኝ። ሠርጉ ደግ ነበር፤ አባቷ ብዙ ሰው ጠርቶ ነበር አለ።

አመሰግናለሁ አልኩትና ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የተጣበቁ መዝጊያዎች ነበሩ። ጨርቄን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፤ ለሁሉም ጊዜ ሰጠኋቸው። እስኪመሽ ሦስቱንም አላቀቅኋቸው። አንድም አልሰበርኩም።